በስንት ሰዓት ውስጥ? ኩላሊታቸው በድንገት ሥራ ላቆመ ጽኑ ሕሙማን ስላሉት የእጥበት አማራጮች

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርሶች፣ በሥልጠና ላይ የምትገኙ ወጣት ሐኪሞች፣ እንዲሁም ወላጅ ወይም ልጅ አስታማችሁ የዚያን ክፍል ደጃፍ የለመዳችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አረፈዳችሁ። ጥሪውን አክብራችሁ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የጉባኤው አዘጋጆች የሰጡኝ ርእስ «ለጽኑ ሕሙማን የትኛው የኩላሊት እጥበት ይሻላል?» የሚል ነበር። ርእሱን በደስታ ተቀበልሁ፤ ስዘጋጅ ግን ጥያቄው ራሱ አላስቀምጥ አለኝ። በሥራ ላይ ባሳለፍኋቸው ዓመታት የማሽኑ ዓይነት አንድን ታካሚ ሲያድን ወይም ሲገድል ያየሁት ከስንት አንዴ ነውና። ስለዚህ ይቅርታችሁን ጠይቄ ጥያቄውን በሌላ እተካዋለሁ። ዛሬ ደጋግሜ የምጠይቃችሁ «በስንት ሰዓት ውስጥ?» የሚለውን ነው።

ለምን ይህን እንደመረጥሁ ለማስረዳት ከራሴ ጥፋት ልጀምር። በሥልጠና ላይ ሳለሁ አንድ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ ሰው አንጀታቸው ተበስቶ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ኢንፌክሽኑ በደማቸው ተሰራጭቶ ወደ እኛ ክፍል መጡ። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ነበሩ፤ የደም ግፊታቸውም በመድኃኒት ተደግፎ የቆመ ነበር። ሦስት ቀን ሽንት አልነበራቸውም፤ እጃቸው ከማበጡ የተነሣ የጣታቸውን ቀለበት ቆርጠን ነው ያወጣነው። ፖታሲየማቸው እየጨመረ ስለነበር እጥበት እንዲጀመር ወሰንን። እኔ ትእዛዙን ጻፍሁ፤ አራት ሰዓት፣ ሦስት ሊትር ፈሳሽ ይውጣ አልሁ። ማሽኑን የምታዘጋጀው አንጋፋ ነርስ ወረቀቱን አይታ፣ «ዶክተር፣ ሦስት ሊትር ይበዛባቸዋል» አለችኝ። እኔም፣ «ሲስተር፣ ሳምባቸው ውሃ ሞልቷል፤ ማውጣት አለብን» ብዬ መለስሁላት። በ40ኛው ደቂቃ የላይኛው የደም ግፊት ወደ 60 ወረደ። እጥበቱን አቋርጠን፣ ደሙን መልሰን፣ ግፊቱን ለማንሳት ካወጣነው የበለጠ ፈሳሽ ሰጠናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

በማግሥቱ አስተማሪያችን ያንኑ ማሽን፣ ያንኑ ካቴተር (ደም የሚወጣበትንና የሚመለስበትን ቱቦ)፣ ያችኑ ነርስ ይዞ እጥበቱን በድጋሚ አስጀመረ። የደሙንና የማጠቢያውን ፈሳሽ ፍጥነት ዝቅ አድርጎ፣ አራቱን ሰዓት ወደ አሥር ሰዓት ዘረጋው። ሦስቱ ሊትር ወጣ፤ ግፊታቸውም አልወረደም። ማሽኑ ያው ነበር። የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። በመጀመሪያ ኩላሊት በድንገት ሥራ ሲያቆም ምን እንደሚሆንና እጥበት ምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ መቼ መጀመር እንዳለበት፣ ከዚያም አማራጮቹን፣ በመጨረሻም ማቆምንና ከቤተሰብ ጋር የሚደረገውን ንግግር አነሣለሁ። ሁሉንም እኩል እንደማልዘረዝር ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ብዙውን ጊዜ የምወስደው በአማራጮቹ ላይ ነው።

አንደኛው ነጥብ። ጤነኛ ኩላሊቶች በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራሉ፤ ከዚህ ውስጥ ከሁለት ሊትር ያልበለጠውን በሽንት መልክ አስወጥተው ሌላውን ይመልሱታል። ይህን ሥራ የሚሠሩት ሃያ አራት ሰዓት ሳያቋርጡ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ኩላሊት በድንገት ተጎዳ የምንለው ክሬአቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም የሚያስወጣው የጡንቻ ቆሻሻ፣ በሁለት ቀን ውስጥ በ0.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲጨምር፣ ወይም በሰባት ቀን ውስጥ ከነበረበት አንድ ተኩል እጥፍ ሲደርስ፣ ወይም ደግሞ ሽንት ለስድስት ሰዓት በኪሎ ክብደት በሰዓት ከ0.5 ሚሊሊትር በታች ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመና በ33 አገሮች የተካሄደ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አንድ ዓይነት የኩላሊት ጉዳት እንደሚገጥማቸው አሳይቷል። ከመንስኤዎቹ በኢንፌክሽን የሚመጣው ይበዛል፤ ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ ደም መፍሰስ፣ ኩላሊትን የሚጎዱ መድኃኒቶችና የጡንቻ መጨፍለቅም አሉ። ደግነቱ እጥበት የሚያስፈልጋቸው ከእነዚህ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

እጥበት ራሱ ሁለት መንገድ አለው። በመጀመሪያው መንገድ ደምና ማጠቢያ ፈሳሽ በስስ ሽፋን ተለያይተው ጎን ለጎን ሲፈስሱ፣ በደም ውስጥ የበዛው ዩሪያ (ከፕሮቲን የሚመጣ ቆሻሻ) እና ፖታሲየም ወደ ሌለበት ወገን ይሻገራል። በሁለተኛው መንገድ በሽፋኑ ላይ ግፊት አድርገን ውሃውን ስንገፋው፣ ውሃው ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል፤ የወጣውንም በንጹሕ ፈሳሽ እንተካለን። ዛሬ ስማቸውን የምትሰሟቸው ዘዴዎች ሁሉ፣ ስሙ ቢረዝምም ቢያጥርም፣ ከእነዚህ ከሁለቱ መንገዶች ወይም ከቅልቅላቸው የወጡ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ ላንሣና እመለሳለሁ። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ አገሩ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ወቅት፣ ካምፔን በተባለች ከተማ ሰው ሠራሽ ኩላሊት ሠራ። ሽፋኑ ለቋሊማ መጠቅለያ የሚውል ሴሎፋን ነበር፤ በሚሽከረከር በርሜል ላይ ጠምጥሞ፣ በርሜሉን በማጠቢያ ፈሳሽ ገንዳ ውስጥ እያዞረ ደም ያሳልፍበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ሰውን ማከም ጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አብዛኞቹ ሞቱበት። እ.ኤ.አ. በ1945 ግን ኩላሊታቸው በድንገት ሥራ ያቆመና ራሳቸውን የሳቱ የ67 ዓመት ሴት በእጥበቱ ነቁ፤ ከዚያ በኋላም ሰባት ዓመት ኖሩ። ይህን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁት ይሆናል። ሰው ሲያወራው የሚዘነጋው ነገር ግን አንድ ነው። እኒያ ሴት በማሽኑ ላይ የቆዩት ለ11 ሰዓት ነው። በድንገተኛ የኩላሊት ሕመም ከሞት የተረፈው የመጀመሪያው ሰው የተረፈው በዛሬው ቋንቋ በተራዘመ እጥበት ነው ማለት ነው። ኮልፍ ይህን ያደረገው መሣሪያው ደካማ ስለነበር እንጂ እንደኛ አስቦበት አይመስለኝም፤ ቢሆንም ያስደንቀኛል።

ሁለተኛው ነጥብ፣ መቼ ይጀመር? የማያከራክሩት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው፤ በመድኃኒት አልወርድ ያለ ፖታሲየም፣ ያልተስተካከለ የደም አሲድነት፣ ሽንት በሚያሸና መድኃኒት ያልተነሣ የሳምባ ውሃ፣ ከዩሪያ መብዛት የተነሣ የልብ ሽፋን መቆጣት ወይም የአእምሮ መሳት፣ እንዲሁም እንደ ሜታኖልና ሊቲየም ያሉ በእጥበት የሚወጡ መርዞች። ከእነዚህ አንዱ ካለ አትጠብቁ። ጥያቄው አንዱም ሳይኖር፣ ክሬአቲኒን ብቻ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ብዙዎቻችን ለብዙ ዓመታት «ሳይቃጠል በቅጠል» እያልን ቀድመን እንጀምር ነበር። እውነት ለመናገር እኔም ከእነርሱ አንዱ ነበርሁ።

ከዚያ ጥናቶቹ መጡ። እ.ኤ.አ. በ2016 በፈረንሳይ 620 ታካሚዎች ላይ በተካሄደው ጥናት በቶሎ ከተጀመረላቸውና እንዲጠበቁ ከተደረጉት መካከል በ60 ቀን ውስጥ የሞቱት መጠን እኩል ለማለት ይቻላል፤ 48.5 እና 49.7 በመቶ ነበር። ልብ በሉ፤ እንዲጠበቁ ከተደረጉት መካከል ግማሽ ያህሉ ከነጭራሹ እጥበት ሳያስፈልጋቸው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመውና ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጉ ሰዎች የተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ጥናትም በሞት ረገድ ልዩነት አላገኘም፤ ይባስ ብሎ፣ ከተረፉት መካከል በ90ኛው ቀን በእጥበት ላይ የቀሩት በቶሎ በተጀመረላቸው ዘንድ 10.4 በመቶ፣ በተጠበቁት ዘንድ 6 በመቶ ሆነው ተገኙ። ታዲያ ዝም ብለን እንጠብቅ ማለት ነው? አይደለም። ከዚያ ወዲህ ጥበቃውን ከልክ በላይ ያራዘመ ጥናት ተሠርቶ ጥቅም አልተገኘበትም፤ ጉዳት ሊኖረው እንደሚችልም አመልክቷል። መጠበቅ ማለት በየጥቂት ሰዓቱ ፖታሲየሙን፣ አሲዱን፣ የገባውንና የወጣውን ፈሳሽ እያዩ መጠበቅ ነው። ሳይታይ የተጠበቀ ታካሚ የተረሳ ታካሚ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ነጥብ አማራጮቹ ናቸው። በስንት ሰዓት ውስጥ? ብላችሁ ከጠየቃችሁ ቅደም ተከተሉ ራሱ ይመጣል።

አጭሩ፣ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የሚወስደውና በተመላላሽ ታካሚዎች የምታውቁት እጥበት ነው። ማጠቢያው ፈሳሽ በደቂቃ 500 ሚሊሊትር ያህል ይፈስሳል፤ በአራት ሰዓት 120 ሊትር ማለት ነው። ፈጣን ነው፤ ፍጥነቱም አንዳንድ ጊዜ ሕይወት ነው። ፖታሲየሟ 8 ደርሶ የመጣች አንዲት ወጣት አስታውሳለሁ። በልብ መከታተያው ላይ የሚታየው ሞገድ እንደ ድንኳን ጫፍ ሾሎ፣ መሠረቱም ሰፍቶ ነበር። ካልሲየም ሰጥተን፣ ኢንሱሊን በግሉኮስ ሰጥተን፣ እጥበት ጀመርን። ወንበር ስቤ ከመከታተያው ፊት ተቀመጥሁ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምንም አልተለወጠም። ከዚያ ጫፉ ቀስ በቀስ መዶልዶም ጀመረ፤ ሰፍቶ የነበረው ሞገድ ጠበበ፤ ሁለተኛው ሰዓት ሳያልቅ የማንኛችንም የልብ ምት መሰለ። እንዲህ ላለ ታካሚ የሃያ አራት ሰዓቱን ማሽን ማምጣት ጊዜ ማባከን ነው። መርዝ ለጠጣም እንደዚሁ።

የአጭሩ እጥበት ችግር ፈሳሹ ላይ ነው። ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 70 ኪሎ በሚመዝን ሰው ሥሮች ውስጥ ያለው የደም ውሃ ሦስት ሊትር ያህል ነው። ሦስት ሊትር በአራት ሰዓት ስናወጣ በሰዓት 750 ሚሊሊትር እየቀዳን ነው። የምንቀዳው ከሥር ነው፤ እብጠቱ ያለው ግን ከሥር ውጭ፣ በሥጋው ውስጥ ነው። ከሥጋው ወደ ሥሩ የሚመለሰው ውሃ እኛ በምንቀዳበት ፍጥነት ካልመጣ ግፊቱ ይወርዳል፤ በኢንፌክሽን በተጠቃ ሰው ደግሞ ሥሮቹ ስለሚያፈስሱ መመለሱ ይዘገያል። ግፊት በወረደ ቁጥር ሊያገግም የነበረው ኩላሊት እንደገና ይጎዳል። ያችው ሦስት ሊትር በሃያ አራት ሰዓት ከወጣች በሰዓት 125 ሚሊሊትር ብቻ ናት።

ሌላ ማሽን የሌላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። የማጠቢያውን ሶዲየም ከ145 በላይ ማድረግ፣ ሙቀቱን ወደ 35 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ፣ ሰዓቱን ቢያንስ አራት ማድረስ፣ መጀመሪያ ላይ ፈሳሽ ሳያወጡ ማጠብ፤ እነዚህ ትንንሽ የሚመስሉ ነገሮች አጭሩን እጥበት ለብዙ ጽኑ ሕሙማን እንዲቻል አድርገውታል።

መካከለኛው የተራዘመ እጥበት ነው፤ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። በመግቢያዬ የነገርኋችሁ አስተማሪያችን ያደረገው ይህንኑ ነው። ተራውን ማሽን ይጠቀማል፤ በከረጢት የተዘጋጀ የተለየ ፈሳሽ አይፈልግም፤ ሌሊት ከተደረገ ታካሚው ቀን ለምርመራና ለፊዚዮቴራፒ ነፃ ይሆናል። ስለዚህ አማራጭ ብዙ የማልናገረው ጉድለት ስላለበት ሳይሆን ክርክር ስለሌለበት ነው። ለእኔ ቢሆን ብዙ ቦታ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው እርሱ ነው።

ረጅሙ ተከታታይ እጥበት ነው፤ ሃያ አራት ሰዓት። የመነሻው ታሪክ ደስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1977 ጀርመናዊው ሐኪም ፒተር ክራመር በጎቲንገን የብሽሽት ደም መላሽ ሥር ሊያገኝ ሲሞክር መርፌው ደም ቅዳ ሥር ውስጥ ገባበት። እርሱ ግን ስሕተቱን ተጠቀመበት፤ የታካሚውን የራሱን የልብ ግፊት እንደ ፓምፕ ወስዶ ደሙ ያለ ማሽን በማጣሪያው ውስጥ እንዲያልፍ አደረገ። ዛሬ ፓምፕ ያላቸው ማሽኖች ተክተውታል። የሚመከረው መጠን በኪሎ በሰዓት ከ20 እስከ 25 ሚሊሊትር ነው፤ ለ70 ኪሎ ሰው በ25 ብናሰላው በቀን 42 ሊትር ይሆናል። መጠኑን ብንጨምርስ? ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 የታተሙ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች መጠኑን ከፍ ማድረግ ሞትን እንደማይቀንስ አሳዩ፤ በሁለተኛው ጥናት በሁለቱም ወገን በ90 ቀን የሞቱት 44.7 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ እስከ ነጥቡ ድረስ አንድ ነው።

ተከታታዩ እጥበት ግፊቱ ላልረጋ ሰው ይመቻል። ከሁሉ በላይ የማያከራክረው ግን አእምሮው ያበጠ፣ ጭንቅላቱ የተጎዳ ወይም ጉበቱ በድንገት ሥራ ያቆመ ታካሚ ሲሆን ነው። ዩሪያ ከደም በፍጥነት ሲወጣ በአእምሮ ውስጥ ያለው ወደኋላ ይቀራል፤ ውሃም ተከትሎት ወደ አእምሮ ይገባል። ለእንዲህ ያለ ሰው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ብቻ ነው የሚሠራው።

ታዲያ ለሁሉም ተከታታዩን አንሰጥም? ብዙ ሐኪሞች በልባቸው ይህ የተሻለ ነው ብለው ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በፈረንሳይ 360 ሰዎች ላይ ተከታታዩ ከአጭሩ ጋር ተነጻጽሮ በ60ኛው ቀን በሕይወት የተገኙት 33 እና 32 በመቶ ነበሩ። አጭሩ በጥንቃቄ ከተሠራ ወደ ኋላ አልቀረም። ተከታታዩ ደግሞ ዕዳ አለበት። ደም በማጣሪያው ውስጥ ይረጋል፤ ነርሶች ታውቁታላችሁ፣ መጀመሪያ በማጣሪያው ውስጥ ጥቁር መስመር ይታያል፣ ቀጥሎ ግፊቱ ይወጣል፣ ከዚያ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፣ ከዚያ ሁላችንም እንሯሯጣለን። በወረቀት ላይ ሃያ አራት ሰዓት የተጻፈው በተግባር ስንት ሰዓት እንደሠራ ቁጠሩ። ታካሚው ለምርመራ ሲሄድ ቆሟል፤ ማጣሪያው ሲረጋ ቆሟል፤ ከረጢት ሲዘገይ ቆሟል። በተጨማሪም ፎስፌት ይወርዳል፤ ሰውነት ስለሚቀዘቅዝ ትኩሳት ተደብቆ ይቀራል። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን አንቲባዮቲኩ ነው። ኩላሊቱ ሞቷል ብለን መጠኑን ቀንሰናል፤ ማሽኑ ደግሞ ቀን ከሌት እያጠበ ያወጣዋል። ታካሚውን የሚገድለው ኢንፌክሽኑ ሆኖ ሳለ መድኃኒቱን ራሳችን አጥበን እንጥላለን። የእጥበቱ ዓይነት ወይም ሰዓት በተለወጠ ቁጥር የመድኃኒት ወረቀቱን እንደገና አንብቡት።

ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን ወይም ሲትሬት እንጠቀማለን። ሲትሬት በማሽኑ ውስጥ ያለውን ካልሲየም ይዞ መርጋቱን ያስቆማል፤ ደሙ ወደ ታካሚው ሲመለስ ካልሲየም እንተካለን። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት ማጣሪያው በሲትሬት 47 ሰዓት፣ በሄፓሪን 26 ሰዓት ገደማ ቆይቷል፤ ነገር ግን በሲትሬት ወገን ኢንፌክሽን በዝቶ ታይቷል። ጉበቱ ክፉኛ በተጎዳ ሰው ሲትሬት ሊከማች ስለሚችል ጥንቃቄ ይሻል። ካቴተሩን በተመለከተ ደግሞ በአንገት በስተቀኝ በኩል ቢገባ ይመረጣል፤ ቀጥሎ ብሽሽት፤ ከአንገት አጥንት ሥር ያለው ሥር የመጨረሻው ምርጫ ይሁን፤ ሥሩ ይጠብብና ወደፊት ቋሚ እጥበት ቢያስፈልግ በዚያ ወገን ያለው እጅ ለእጥበት አይሆንለትም።

አራተኛው አማራጭ ማሽን የለውም፤ በሆድ ዕቃ ሽፋን የሚደረገው እጥበት ነው። ለስላሳ ቱቦ በሆድ ግድግዳ ይገባል፤ ግሉኮስ ያለበት ፈሳሽ፣ ለአዋቂ ሁለት ሊትር ያህል፣ ወደ ሆድ ይፈስሳል፤ ጥቂት ቆይቶ በራሱ ክብደት ወደ ታች ከረጢት ይወርዳል። የደም ካቴተር አይጠይቅም፣ ደም ማቅጠኛ አይጠይቅም፣ ኤሌክትሪክ አይጠይቅም። ግፊትን አይጥልም፤ ለሕፃናት ደግሞ በተለይ ይመቻል። በሌላ በኩል ሆዱ በቅርብ ለተከፈተ ሰው አይሆንም፤ ድያፍራምን ወደ ላይ ስለሚገፋ መተንፈስ ለከበደው ያስቸግራል፤ ፕሮቲን ይዞ ይወጣል፤ አስጊ ለሆነ ፖታሲየምም ዘገምተኛ ነው።

ይህ ዘዴ ለረጅም ጊዜ የድኻ እጥበት ተብሎ ተንቋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በቬትናም ከተሠራ ጥናት በኋላ ንቀቱ ባሰ፤ በሆድ እጥበት ከታከሙት 47 በመቶ ሲሞቱ በደም ማጣራት ከታከሙት የሞቱት 15 በመቶ ነበሩ። ይህን ቁጥር የሚጠቅሱ ሰዎች የማይጠቅሱት ነገር አለ። የተጠቀሙበት ቱቦ ጠንካራው የድሮ ዓይነት፣ የወጣው ፈሳሽ የሚወርድበትም መንገድ ክፍት ነበር፤ በፈሳሹ ውስጥ የነበረውም አሴቴት ነበር። ከዚያ በኋላ በብራዚል ለስላሳ ቱቦና ብዙ ፈሳሽ በተጠቀመ ጥናት የሆድ እጥበት በየቀኑ ከሚደረግ የማሽን እጥበት ጋር የተቀራረበ ውጤት አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የዘርፉ ዓለም አቀፍ መመሪያም ለድንገተኛ የኩላሊት ጉዳት በማንኛውም ቦታ ተስማሚ ዘዴ ነው ብሎ ተቀብሎታል።

አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረ፤ ከተቅማጥ በኋላ ኩላሊቱ ሥራ አቁሞ በሆድ እጥበት ላይ ነበር። ከሆድ የሚወጣው ፈሳሽ ጥሩ ከሆነ ጥርት ያለ ነው፤ ከረጢቱን በጽሑፍ ላይ አስቀምጠን ፊደሉ በውስጡ አልፎ ከታየ ደህና ነው እንላለን። እናቱን ይህን አስተማርናት። በየለውጡ የልጇን የክትትል ወረቀት ከከረጢቱ ሥር እየዘረጋች ታነብብ ነበር። በአምስተኛው ቀን ማለዳ ኮሪደር ላይ አገኘችኝና፣ «ዶክተር፣ ዛሬ ፊደሉ አልታየኝም» አለችኝ። ሄጄ አየሁት፤ ለእኔ ዓይን ጥርት ያለ ነበር፤ ወረቀቱን አስገብቼ ሳነብብ ግን ጫፍ ጫፉ ደብዝዟል። ናሙናው የሆድ ሽፋን ኢንፌክሽን መጀመሩን አረጋገጠ። ትኩሳት እንኳ አልነበረውም። አንቲባዮቲክ በዚያው በፈሳሹ ውስጥ ጨመርንለት፤ እጥበቱን ሳናቋርጥ ዳነ። በዘጠነኛው ቀን ሸና።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ማቆም ነው። ሽንት ያለ መድኃኒት በቀን 400 ሚሊሊትር ከዘለለ፣ አንድ እጥበት ዝለሉና እዩ። ክሬአቲኒኑ ቢጨምር እንኳ የሚጨምርበት ፍጥነት ከቀነሰ ኩላሊቱ እየነቃ ነው። ከሆስፒታል የወጣውም ሰው በሦስት ወር ውስጥ ምርመራ ያስፈልገዋል፤ የዳነ የሚመስል ኩላሊት ጠባሳ ይዞ ሊቀር ይችላልና።

እናንተ ቤተሰቦች፣ ሁልጊዜ የምትጠይቁን «ከተጀመረ በኋላ ዕድሜ ልክ ነው ወይ?» ነው። ከተረፉት አብዛኞቹ ከማሽኑ ይላቀቃሉ። የሚከብደው ግን መትረፉ ነው፤ በእነዚያ ትልልቅ ጥናቶች እጥበት እስከሚያስፈልግ ከታመሙት መካከል ከግማሽ ጥቂት ያነሱት በሦስት ወር ውስጥ ሞተዋል። የሚሞቱትም በአብዛኛው ኩላሊቱን ባቆመው በሽታ ነው። ስለዚህ እጥበት ስንጀምር ለምን ያህል ቀን እንደምንሞክር፣ ምን ካየን እንደምንቀጥል፣ ምን ካየን እንደምናቆም አብረን እንነጋገር። ይህን ንግግር በመጀመሪያው ቀን ያላደረገ ሐኪም በአሥረኛው ቀን ማድረግ ያቅተዋል፤ እኔ አቅቶኝ ያውቃል።

ንግግሬን ከማብቃቴ በፊት ከመድረኩ በታች በወረቀት የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ። ጠያቂዋ ነርስ ናት። «ሐኪሙ የጻፈው የፈሳሽ መጠን ለታካሚዬ በዝቷል ብዬ ካመንሁ ምን ላድርግ?» ትላለች። ግፊቱ መውረድ ከጀመረ ፈሳሽ ማውጣቱን መጀመሪያ ዜሮ አድርጊው፤ ደሙ መታጠቡን ይቀጥል፤ ከዚያ ደውዪ። ስትደውዪ የግፊቱን ቁጥር፣ እስካሁን የወጣውን ሚሊሊትር፣ የቀረውን ሰዓት ንገሪው። ገና ሳይጀመር ከሆነም ደውዪ። ስልኩን ያነሣሁት እኔ ብሆንና ሳምባው ውሃ ሞልቷል ብዬ ብከራከርሽ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንዲወጣ እንደፈለግሁ መልሰሽ ጠይቂኝ።

አመሰግናለሁ።